አምስተኛው ጉድጓድ

አራት ልጆች አሳድጌአለሁ፣ አንዳቸውም ጥላ አይተው እንዳይሮጡ አድርጌ ነው ያሳደግኳቸው፤ ልጅ ፈርቶ ሲመጣብኝ እጁን ይዤ ወደፈራው ነገር እወስደው ነበር፣ ስንደርስ ወይ ፍየል ወይ የተሰጣ ልብስ ሆኖ እናገኘዋለን። ጅን የለም አልልም፣ ቁርአን ነግሮናል፣ ግን ጅን ሥራ ፈትቶ የግንበኛ ሲሚንቶ ያበላሻል የሚል ሰው ሥራውን በደንብ ያልሠራ ሰው ነው እል ነበር። ስለዚህ አሁን የምነግርህን ስትሰማ ሰይድን ሙቀቱ መታው እንዳትል፣ ወላሂ ያየሁትን ነው የምነግርህ፣ ፍርዱን ላንተ እተወዋለሁ።

ደግሞ ነገሩ የሆነው በሌሊት አይደለም። በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፤ ሸዋ ሮቢትን የሚያውቅ ሰው ያን ሰዓት ያውቀዋል፣ ባጃጅ ሁሉ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ውሻው ቱቦ ሥር ይገባል። የድሮ ሰዎች በቀትር ብቻህን ወንዝ አትውረድ ሲሉ ፀሐይ እንዳይመታህ ነው ብዬ ነበር የምተረጉመው።

ዋናው መንገድ ዳር አንድ የድንጋይ ቤት አለ፣ ጣሊያን ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ሲሠራ ለዕቃ ማስቀመጫ ያሠራው ነው ይባላል፣ ግድግዳው ክንድ ሙሉ ይወፍራል፣ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። በኋላ ሸማኔዎች ተከራዩት፣ ከዚያ የእህል መጋዘን ሆነ፣ ከዚያ ተዘግቶ የሌሊት ወፍ መኖሪያ ሆኖ ቆየ። አሁን ልጄ ሐያትና ጓደኞቿ ከተማውን ደጅ ጠንተው ቤቱን የኪነ ጥበብ ማዕከል ሊያደርጉት ፈቃድ አወጡ፣ ሥዕል የሚሰቀልበት፣ ቲያትር የሚታይበት፣ ልጆች ክራር የሚማሩበት።

«ክራር ቤት አያቆምም» አልኳት።

«አባዬ፣ አንተስ ያለ አስተማሪ ግንበኝነት ስትማር ማን ቤት ያቆማል አለህ?» አለችኝ።

እኔ ፊደል የለየሁት የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው፣ መማር ለሚፈልግ ሰው ወረቀት ሞልቷል ብዬ ልጆቼን የገሠጽኩበት ነገር ዞሮ እኔኑ ያዘኝ። ወለሉን እኔ እሠራለሁ አልኳት። ፈቃዱ ግን ቀነ ገደብ ነበረው፣ ወለሉ ከክረምት በፊት ካላለቀ ቤቱ የማሾ መጋዘን ለሚፈልግ አንድ ነጋዴ ይሰጣል፣ ሰውየውም በየሳምንቱ ብቅ እያለ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያያል፣ እንደራሱ ቤት።

ተሾመ የሚባል የረጅም ጊዜ የሥራ ባልደረባ አለኝ፣ ሁለታችን የአዳራሹን ወለል በሁለት ቀን በሲሚንቶ ሞላነው። ውሃ ልኩን አስቀምጬ አረፋው መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ አልሐምዱሊላህ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ በስተ ምሥራቅ ባለው መስኮት ሥር ወለሉ ጎድጉዷል። ተሰንጥቆ አይደለም፣ አንድ ሰው ለስላሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ እንደተነሣ ሆኖ ነው የገባው።

«ጋሼ፣ ሲሚንቶውም እንደኛ ቁርስ አልቀመሰም መሰለኝ፣ ሆዱ ገባ» አለ ተሾመ።

«ሰበብ አትፍጠር፣ ስበረው» አልኩት።

ሰበረው፣ ሥሩ አመድና ጭድ ነበር፣ እስከ አፉ ድረስ ሞልቶ። ተሾመ እጁን ከቶ ዘገነው፣ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለ፣ እኔ ዝም አልኩ። በአመዱ ላይ ድንጋይ ጠቅጥቀን፣ ሽቦ ዘርግተን እንደገና ሞላነው።

ዝም ያልኩበትን ምክንያት ካልነገርኩህ ግን የቀረውን አታምነኝም፣ ብታምነኝም እኔ እየዋሸሁህ ነው። አመዱን ያስገባሁት እኔ ነኝ። እዚያ ቤት አምስት ሸማኔዎች ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው ጠርዙ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን የሚሰዱበት ጉድጓድ ነበራቸው፣ መስኮት ሥር ያለው አምስተኛው የአባቴ ነበር። በወጣትነቴ ግንበኝነት ጀምሬ ሳለ ሰው «ቁጢት በጣሽ» እያለ በአባቴ ሙያ ይሰድበኝ ነበር፣ ሸማኔን እንዲህ ነበር የሚሉት፣ የሸማኔ ልብስ ለብሰው ሸማኔውን ይንቁታል። በኋላ ሚስቴ የሆነችውን ልጅ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ሳስጠይቅ ቤተሰቦቿ አባትህ ሥራውን ይተው አሉ። ቤቱ መጋዘን ሊሆን ነበር፣ ጉድጓዶቹን ደፍኖ ወለሉን የማስተካከሉ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ፣ ቀኑን የምመርጠውም እኔ ነበርኩ።

አባቴ የሽመና እቃው ላይ ጋቢ ነበረው፣ ያለቀ ነው ማለት ይቻላል። «ክንድ ነው የቀረችኝ፣ ይህችን ልጨርሳትና» አለኝ። ሦስት ቀን ብታገሠው ማንም አይጎዳም ነበር። እኔ ግን የመጋዘኑ ሰዎች ነገ ይመጣሉ፣ ዛሬ መሞላት አለበት ብዬ ድሩን በቢላዋ በጠስኩት። አባቴ «ይሁን» አለ፣ የተበጠሰውን ክር እጁ ላይ ጠቅልሎ እያነከሰ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረ፣ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። ልጆቼ አያታቸው ነጋዴ ነበር ብለው ነው ያደጉት። ውሸት ኃጢአት ነው እያልኩ ያሳደግኳቸው ልጆች።

ወደ ወለሉ ልመለስ። በማግስቱ እዚያው ቦታ፣ ያው ቅርጽ፣ ድንጋዩንም ሽቦውንም ይዞ ገብቷል። አራቱ ጉድጓዶች በተመሳሳይ አመድና ጭድ የደፈንኳቸው ናቸው፣ በላያቸው ላይ ወለሉ ንቅንቅ አላለም፣ የቤቱ ውኃ ልክ እዚያች መስኮት ሥር ብቻ ነው የሚስተው። እውነቱን ልንገርህ፣ አልፈራሁም፣ ማወቅ ነበር የፈለግኩት፤ ለምን ይህች ብቻ? ተሾመን ለምሳ ሰደድኩት፣ ዙሁር ሰግጄ ጉንጬን ወለሉ ላይ አድርጌ ተኛሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት የሚንሸራተት ነገር ነው፣ በጣም ቀስ ያለ፣ እንጨት በክር ላይ ሲያልፍ ያለ ድምፅ። ከዚያ ድም። እንደገና ተንሸራተተ፣ ድም። ወፍጮ ቤት ነው ብዬ ተነሥቼ በሩ ላይ ወጣሁ፣ ወፍጮው ለምሳ ቆሟል፣ መንገዱ ላይ አንድ መኪና የለም። ተመልሼ በብርጭቆ ውሃ ቀድቼ ጎድጓዳው ላይ አስቀመጥኩ፣ ውሃው ድም ባለ ቁጥር ክብ ይሠራል። እኔ ያኔ እንኳ ሌላ ምክንያት እየፈለግኩ ነበር፣ እመነኝ። ግን ደጋግሜ ስሰማው ምቱ እኩል አይደለም፣ አንዱ ጠንካራ አንዱ ለስላሳ፣ እንደሚያነክስ ሰው እርምጃ። የአባቴ ግራ እግር አጭር ነበር።

«አባዬ? ምን ሆነህ ነው?»

ሐያት በሩ ላይ ቆማለች፣ ሮጣ መጣች፣ የወደቅኩ መስሏት።

«ደኅና ነኝ፣ ወለሉን እየሰማሁ ነው።»

ልትስቅ አለችና ፊቴን ስታይ ተወችው፣ ሻሿን ገለጥ አድርጋ አጠገቤ ጆሮዋን አስጠጋች። ቆየት ብላ «ድም ይላል» አለች፣ «ከሥር ውሃ አለ እንዴ?»

«የሸማኔ ጉድጓድ ነው ያለው።»

«ማን ነገረህ?»

«አንድ ሽማግሌ» አልኳት። ይህን እንዳልኩ ድምፁ ቆመ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃም ረጋ። ስለ ውሸቴ ነው የቆመው አልልህም፣ አላውቅም፣ የሆነውን ቅደም ተከተል ብቻ ነው የምነግርህ።

ተሾመ ከምሳ ሲመለስ ድጅኖውን አንሥቶ ጎድጓዳውን መታ። በሦስተኛው ምት ድጅኖው እስከ እጁ ድረስ ሰጠመ፣ ሊወድቅ ሲል ወገቡን ያዝኩት። ሲሚንቶውን አነሣነው። ከሥሩ ባዶ ነው። አመድ የለም፣ ጭድ የለም፣ እኔና ተሾመ በትናንትናው ዕለት በገዛ እጃችን የጠቀጠቅነው ድንጋይ የለም። ጉድጓዱ ተጠርጓል፣ ጠርዙ በሰው መቀመጫ እንደተወለወለ ያብረቀርቃል።

ተሾመ አማተበ። «ጋሼ፣ እኔ በዓይኔ ነው ያየሁት፣ አንቱም አይተዋል፣ ያ ሁሉ አመድ የት ገባ?» አለ። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ አልቀለደም።

ሐያት ግን እንደ እኔ ናት፣ ነገር ካላወቀች አትተኛም፣ በስልኳ መብራት እያበራች ታጥፋ ወደ ውስጥ አየች። «በግራ በኩል ብቻ ከፍ ያለ የእግር ማስቀመጫ አለ» አለች፣ «በቀኝ የለም። ለምንድን ነው?»

አላውቅም ማለት እችል ነበር፣ ታምነኝ ነበር፣ ሁሌም ታምነኛለች። የጉድጓዱን አፍ አየሁትና አንደበቴ ውሸቱን እምቢ አለኝ።

«አያትሽ ግራ እግሩ አጭር ስለነበር ነው።»

«ነጋዴው አያቴ?»

«ነጋዴ አልነበረም። ሸማኔ ነበር፣ እዚህ ነበር የሚቀመጠው። የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

ድሩን የበጠስኩትንም ሳልደብቅ ነገርኳት። የጉድጓዱን ጠርዝ በእጇ ዳሰሰች። በኋላ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ «ትምህርት ቤት አንዱን ልጅ ቁጢት በጣሽ ብለው ሲሰድቡት አብሬ ስቄ አውቃለሁ» አለች። እኔ ያልተመታሁት ዱላ ያኔ አረፈብኝ።

አራቱንም ከፈትናቸው። እኔ እንደሞላኋቸው ናቸው፣ አመዱ ደርቆ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፣ ለማውጣት ሁለት ቀን ፈጀብን። ወለሉን ጉድጓዶቹን ክፍት ትተን ዙሪያውን ጨረስነው፣ ክረምቱም ሳይገባ ማዕከሉ ተከፈተ፣ የማሾ ነጋዴው ሌላ ቤት ፈለገ። አሁን ሥዕል ይሰቀላል፣ ክራሩም ይጮኻል፣ ከአርጎባ መንደር አንድ ሸማኔ መጥቶ በአራቱ ጉድጓዶች ወጣቶችን ያስተምራል።

አምስተኛው ላይ እኔ ራሴ የሽመና እቃ ተከልኩ፣ በልጅነቴ ከአባቴ ያየሁትን እጄ አልረሳውም ነበር። ድሩን የዘረጋሁት አንድ ክንድ ብቻ አድርጌ ነው፣ ድሩን የሚያቋርጠውን ክር፣ ማጉን፣ ግን አላስገባሁም፣ ማጉን የምታሳልፈውን መወርወሪያ በቀኝ በኩል አስቀምጬ በእንጨት አጠርኩት። በምሳ ሰዓት ቤቱ ይዘጋል፣ ቁልፉ የሚያድረውም የሚውለውም እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ድምፁ ጉድጓዱ ከተከፈተ ወዲህ ተሰምቶ አያውቅም፣ እኔም ሳላመልጥ በየቀትሩ ሄጄ ጆሮዬን እሰጣለሁ፣ ባይሰማ የሚሻል ይሁን ቢሰማ የሚሻል እስካሁን አልለየሁም።

ባለፈው ሐሙስ በሩን ስከፍት መወርወሪያዋ በግራ በኩል ነበረች። ዓይኔ ነው ብዬ ቀረብኩ። ድሩ መሐል አንዲት ነጭ ክር ከዳር እስከ ዳር አልፋለች፣ ተመትታ ተጠግታለች። ትናንት ክሮቹ ሰባት ደርሰዋል። ማን ነው ብዬ ወጣቶቹን አልጠየቅኩም፣ እኛ ነን ቢሉኝ ደስ የሚለኝ ስለማይመስለኝ።

ክንዷ ስታልቅ ምን እንደሚሆን አላውቅም። እስከዚያ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሣኛል፤ አባቴ ያን ጋቢ ይሸምን የነበረው እኔ ላገባ ወር ሲቀረኝ ነው፣ ለማን እንደሆነ ያን ቀን አልጠየቅኩትም።