ደረቅ ካልሲ

ኢንስፔክተር ዘሙሩድ አብዱልሰላም ቀበና ካለው ቤቷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ አተር እየፈለፈለች ነበር። ሳህኑ እስከ ግማሽ ሲሞላ ስልኳ ጠራ።

«እሑድሽን ላበላሽብሽ ነው» አላት ሳጅን በዳዳ። «ሲ.ኤም.ሲ ነኝ። አንዲት ሴት ሻወር ቤት ውስጥ ሞታ ተገኝታለች። ወድቃ ነው ይላል ባሏ።»

«አንተስ?»

«ባልየውን አላመንኩትም።»

«የትኛውን ባል አምነህ ታውቃለህ?» አለችና የቀረውን አተር በጨርቅ ሸፈነችው።

ሟቿ ሒሩት ከበበ የኬሚስትሪ መምህርት ነበረች። በቤት ቀሚሷ ሻወሩ ሥር በጀርባዋ ተንጋላለች፤ ትከሻዋ ላይ ፎጣ ጣል ተደርጓል። የራስ ቅሏ ከኋላ ተሰብሯል። ባሏ ገላው ሲያገኛት ውሃው ይወርድ ነበር፤ የዘጋው እሱ ነው።

ዘሙሩድ ቁጢጥ ብላ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ፀጉሯ በውሃ በስብሷል፤ ቀሚሷም በስብሷል። እግሮቿ ላይ ያለው ነጭ ካልሲ ግን፣ ሥሩን ወለሉ ካረጠበው በቀር፣ ደረቅ ነው። የግራው ካልሲ ተረከዝ ተጣምሞ ወደ ላይ ዞሯል። በጣቷ ገለጥ ስታደርገው ውስጥ ያለው እግር እርጥብ ነበር።

«ከሞተች በኋላ አንድ ሰው ካልሲ አድርጎላታል» አለች።

«ባልየው ነዋ! ቤት ውስጥ ሌላ ማን ነበር?»

ገላው ሳሎን ውስጥ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል።

«ባለቤትዎ ሲሞቱ የት ነበሩ?» አለችው።

«ተኝቼ። ፎቅ ላይ፣ የእንግዳ ክፍል።»

«ለምን እዚያ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ካልሲውን ማን አደረገላቸው?»

አንገቱን ደፋ። በዳዳ ከዚህ በላይ አልጠበቀም፤ ወደ ጣቢያ ይዞት ሄደ።

ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤቱን የተከራየችው ፀጉር ሠሪዋ ሶሬቲ በሯ ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

«ጠዋት ቸርች ነበርኩ። ኳየር ስለሆንኩ ሕዝቡ ሁሉ አይቶኛል» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን ከሐሙስ ጀምሮ ለየብቻ ነው የሚተኙት። የሁለቱም ክፍል መብራት ለየብቻ ሲጠፋ አያለሁ።»

«ተጣልተው?»

«ምን ጥል አለ? ሲሳሳቁ ነበር የምሰማው። ግራ የገባኝ እሱ ነው።» አፍንጫዋን ጠረገች። «እናቱ ግን አይወዷትም። እኔን ሊያጩለት! ‹እማማ፣ ሰውዬው እኮ ሚስት አለችው› ብላቸው፣ ‹የሰማንያ ናት፣ ይፈታታል› አሉኝ።»

የገላው እናት ወይዘሮ ጸሐዬ ነገሩን አልካዱም። ከወንበር ለመነሳት እንኳ ሰው የሚደግፋቸው አሮጊት ናቸው።

«አልወለደችለትም» አሉ። «ሰማንያ ወረቀት ነው፣ ልጄ፤ ቢቀደድ ማን ይወቅሰዋል? ቁርባን ግን ከሞት በቀር የሚፈታው የለም። በሚቀጥለው እሑድ ሊቆርቡ ነበር። ድግሱን እኔው ነኝ የምደግሰው፤ እያለቀስኩ ነው የምደግሰው። አልዋሽሽም።»

አመሻሽ ላይ ዘረሰናይ መጣ። የገላው የልብ ጓደኛና የሠርጉ ሚዜ ነው።

«ሚዜ ለሙሽራዋም ወንድሟ ነው» አለ ጋቢውን እያስተካከለ። «የሞተችው እህቴ ናት።»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ኮተቤ፣ ቤቴ። መኪናዬን ሳጥብ።» ራሱን ነቀነቀ። «ያ ሴራሚክ ያንሸራትታል ብዬው ነበር እኮ! በባዶ እግሯ፣ ውሃ ላይ… ንስሐ ሳትገባ፣ ሳትቆርብ! አንድ ሳምንት ነበር የቀራት።»

ዘሙሩድ ስትወጣ ደጃፉ ላይ ያሉትን የባልና ሚስት ጫማዎች አየች። የሲ.ኤም.ሲ መንገድ ኮብልስቶን ነው። ሁለቱም ጥንድ ግን ቀይ ጭቃ ጠጥቷል፤ ከጭቃው ጋር የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጣብቋል።

በማግስቱ ከበዳዳ ጋር ቀይ አፈርና ባሕር ዛፍ ወዳለበት እንጦጦ ወጣች። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ በዳዳን ልካ እሷ ከቅጥሩ ውጭ ቆመች። የሟቿ የንስሐ አባት አባ በርናባስ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ።

«የነገሩዎትን አልጠይቅዎትም» አለቻቸው። «ትናንት እዚህ ቆርበዋል?»

«ቆርበዋል። በሕዝብ ፊት የሆነ ነው፣ አልደብቅም። ድግስና ግርግር አልፈልግም ብላ ለመነችኝ። ከሰፈር ራቅ ብለው ቆረቡ። አማትዋ እንዳይከፋቸው እስከ መጪው እሑድ ለማንም ላይናገሩ ቃል ተገባብተዋል።»

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ከድንኳኑ ሲቀንስ ዘሙሩድ አራቱን፣ ገላውን፣ እናቱን፣ ሶሬቲንና ዘረሰናይን፣ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ገላው እጁ በካቴና ታስሮ መጣ። እናቱ ካቴናውን አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

«እኔ ሙስሊም ነኝ» ብላ ጀመረች። «ግን ቀበና ነው ያደግኩት፤ ጎረቤታችን ሲቆርቡ አይ ነበር። በዚያ ቀን እግራቸውን እንኳ አይታጠቡም። ባዶ እግራቸውን አይረግጡም። አስቀድመውም ከባላቸው ተለይተው ይተኛሉ። ሶሬቲ ግራ የገባት ነገር ይኼ ነው። ሒሩት እሑድ ጠዋት ራጉኤል ቆርባለች።»

«ቆርበዋል?» አሉ ወይዘሮ ጸሐዬ።

«ስለዚህ ሻወር ልትወስድ አልገባችም። ሌላ ሰው ነው ያስገባት፤ መቁረቧን የማያውቅ ሰው። ባሏ አብሯት ቆርቧል። ገድሏት ቢሆን ኖሮ ደረጃ ላይ ወደቀች ይለን ነበር እንጂ ውሃ አይከፍትም።»

«ካልሲውስ?» አለ በዳዳ።

ገላው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «እኔ ነኝ። ባዶ እግሯን አገኘኋት። የቆረበች ሰው እንዲያ ሆና… አላስቻለኝም። ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት አደረግኩላት።»

«ይህን ለማን ተናገሩ?»

«ለማንም። ቃል ነበረን።»

«እንግዲህ እኛ ስንደርስ ካልሲ አድርጋ ነበር። ባዶ እግሯን ያያት ባሏና ካልሲዋን ያወለቀው ሰው ብቻ ናቸው። አቶ ዘረሰናይ፣ እርስዎ ‹በባዶ እግሯ› አሉኝ።»

ዘረሰናይ ሊስቅ ሞከረ። «ኧረ በናትሽ! ሻወር ቤት ካልሲ አድርጎ የሚገባ ማን አለ?»

«ማንም። እርስዎም ያወለቁት ለዚህ ነው።»

«ግምት ነው ይኼ! ቤቴ ነበርኩ አልኩሽ እኮ!»

«መኪና ሲያጥቡ። እናንተ ሰፈር ከቅዳሜ ጀምሮ ውሃ ጠፍቷል፤ ጎረቤቶችዎን ጠይቄያለሁ። ሶሬቲ መድረክ ላይ ነበረች። ወይዘሮ ጸሐዬ ሬሳ ሊሸከሙ አይችሉም። ደግሞ ሁሉም ያዘኑት በሌላ ነገር ነው፤ ንስሐዋ ያስጨነቀው እርስዎን ብቻ ነው። ምን ልትናዘዝ እንደነበር አላውቅም። እርስዎ ያውቃሉ።»

ዘረሰናይ ገላውን አየው፤ ከዚያ ወለሉን። ሲናገር ድምፁ እንደታመመ ሰው ሆነ።

«ድሮ ነው። አንተ ለሥራ መስክ የወጣህ ጊዜ። አንድ ሰሞን ነው፣ እሷው ተወችኝ። ሚዜህ ሆኜ… ንስሐ እገባለሁ ስትለኝ ለአንተም ትነግርሃለች ብዬ ፈራሁ። ልለምናት ነው የመጣሁት። ‹ሂድልኝ› ብቻ አለችኝ። ገፋኋት፤ የኮሪደሩ ደረጃ ጠርዝ ላይ ወደቀች። ፎቅ ላይ መኖርህን እንኳ አላወቅኩም።»

ሶሬቲ አፏን ያዘች። ገላው አልጮኸም።

«ነግራኛለች» አለ።

«ምን?»

«ከዓመት በፊት ነግራኛለች። አልቅሼ፣ ተቆጥቼ፣ ይቅር ብያታለሁ። የቆረብነውም ለዚህ ነው። የሚቀጥለው እሑድ ድግስ ላይ አንተንም ይቅር ልልህ ነበር። እሷ ናት ‹ጥራው› ያለችኝ።»

ዘረሰናይ ሶፋው ላይ ተሰበሰበ። በዳዳ ካቴናውን ከገላው እጅ ፈትቶ ዘረሰናይን አሰረበት፤ ደግፎም ይዞት ወጣ። ሶሬቲ ተከትላ ወጥታ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ወይዘሮ ጸሐዬ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እንዳልከፋ ብላ ነው የደበቀችኝ?» አሉት።

ገላው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። በጣቢያ የተወሰደበት የጫማ ክር ከቀበቶው ጋር በፌስታል ተመልሶለታል፤ ጫማውን አውልቆ ሊያስገባው ቢሞክር ጣቶቹ እንቢ አሉት። እናቱ ዘሙሩድን እጇን ያዙና ከወንበራቸው ወርደው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ጫማውን ጭናቸው ላይ አድርገው ክሩን በምራቃቸው አሹለው ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ አሳለፉት። ሁለተኛውንም እንደዚያው አደረጉ። አስገብተው ሲጨርሱ ጥንዱን እግሩ አጠገብ አስቀመጡት።