ኩሬው በየትኛው ገጽ ይጻፍ?

ሲባጎው ተበጥሷል። ሚስጥር ባለፈው ሐሙስ በመሬቱ ላይ ከተከፈተው ስንጥቅ ግራና ቀኝ ሁለት ችካል ተክላ ወጥራ ያሰረችው ነበር። ስንጥቁን በጣቷ ለካችው፤ በአምስት ቀን አራት ጣት ሰፍቷል።

የጂኦግራፊ መምህሯ የሰጧት ቅጽ ሁለት ገጽ አለው። «ራስን መቻል» የሚለውን በኩራት ሞልታዋለች፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ዶሮዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አባቷ ገበየሁ ሁለት በጋ ሙሉ በአካፋ የቆፈረው ኩሬ። ኩሬው ከሞላ ወዲህ የሰው ደጅ አልጠኑም። «የተፈጥሮ አደጋ» የሚለው ገጽ ግን ባዶ ነው። ስንጥቁ ከኩሬው ግርጌ ነው፤ ከስንጥቁ በታች ደግሞ ቤታቸው።

አባቷ አፈርና ጭድ በቅርጫት ተሸክሞ መጣና ስንጥቁን ይጠቀጥቅ ጀመር።

«ሰፍቷል፣ አባዬ።»

«ዋልካ አፈር መቼ ሳይሰነጠቅ ቀርቶ ያውቃል?»

«ዋልካ በፀሐይ ነው የሚሰነጠቅ። ይሄ በበልጉ ዝናብ ነው የተከፈተ።»

አባቷ መጠቅጠቁን ተወ። «ቅጹ ቀበሌ ይገባል አላልሽኝም? የለም ብለሽ ጻፊ። ተነሡ ቢሉን የት እንገባለን? በዚህ ዕድሜዬ ደሴ መናኸሪያ ሸክም ልሸከም?» ድምፁ ተሰበረ። «እባክሽ፣ ልጄ።»

አባቷ እሷን ሲለምን ሰምታ አታውቅም። ወደ ቤት ገባች።

ታናሿ ኩኩ ከጓሮ፣ በኩሬው በኩል ባለው መደብ ላይ ተኝታለች፤ ትኩሳት ይዟት ከትምህርት ቤት ቀርታለች። ሚስጥር ብርድ ልብሱን ልታስተካክልላት ስትጎነብስ እጇ ግድግዳውን ነካው። ርሷል። ጣሪያውን ቀና ብላ አየች፤ ደረቅ ነው። ኩሬው ሰሞኑን ሳያጠጡበት የጎደለው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባት። ውኃው በመሬቱ ውስጥ ወደ እነሱ እየመጣ ነበር።

እስክሪብቶዋን አነሣች። ከመጀመሪያው ገጽ «ኩሬ» የሚለውን ሰረዘችና በሁለተኛው ገጽ ጻፈችው። ከሥሩም «ስንጥቅ፣ በአምስት ቀን አራት ጣት የሰፋ» ብላ ጨመረች። ግን ቅጹ የሚሰበሰበው ሰኞ ነው፤ በኩታበር በኩል ያለው ሰማይ ደግሞ ከአሁኑ ጠቁሯል። ኩኩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ማዶ ጎረቤታቸው እማማ አባይነሽ ዘንድ አደረሰቻት። ስትመለስ ዶማውን ይዛ ወጣች።

ዝናቡ ሳይመጣ ውኃውን ልታፈስ፣ የኩሬውን ጠርዝ ከቤቱ ራቅ ብሎ ባለው ገደል በኩል መቆፈር ጀመረች። መጀመሪያ ትንሽ ጭቃ ወጣ፣ ቀጥሎ ውኃው እየገፋ ወደ ገደሉ መውረድ ያዘ። አባቷ እየሮጠ መጣና አጠገቧ ሲደርስ ቆመ። ዶማውን የሚነጥቃት መስሏት አጥብቃ ያዘችው።

«ነጭ ሽንኩርቱ ሊደርስ አንድ ወር ቀርቶታል» አለ በቀስታ።

«አውቃለሁ።»

«በምን ልናጠጣው ነው ታዲያ?»

እንባዋን በክንዷ ጠረገችና ቦዩን ይበልጥ ጥልቅ አድርጋ ትቆፍር ጀመር።