«ገባሁ» ያለው ማን ነው?

ይሄን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምጽፍላችሁ። በራሴ ጆሮ ሰምቼ... በራሴ አፍ መልሼለት ነው። ያላመነ ይተወው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጨለማ ምናምን የለም።

እኔ፣ እማና አባ በሸራ ጀልባችን ከጃፓኗ ዮኮሱካ ወደ ሃዋይ ስንሄድ አሥራ ሰባተኛ ቀናችን ነው። ዙሪያው ውሃ ብቻ። ጀልባዋ አንድ ደቂቃ እንኳ አርፋ አትቆምም። ስትበሉ በአንድ እጅ፣ ሽንት ቤት ስትቀመጡ በሁለት እጅ የሆነ ነገር ትይዛላችሁ። እንቅልፍ ሦስት ሰዓት ብቻ፤ ከዚያ ተነሺ፣ የጥበቃ ተራሽ ነው።

ያን ሰዓት ተረኛው አባ ነው። ላይ ብቻውን ሲሆን ወገቡን በገመድ ከጀልባዋ ጋር ያስራል። እማ ታች አልጋዋ ላይ ተኝታለች፤ እኔ እዚያው ታች ሆኜ የምሳ ሳህን በባሕር ውሃ አጥባለሁ። በየአሥር ደቂቃው እጠራዋለሁ።

«አባ፣ አለህ?»

«የለሁም፣ ዓሣ በልቶኛል!»

«ውይ፣ ሆዱን ሊያመው ነው በለኛ!»

ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ «ገባሁ!» ይላል። እኛ «እንኳን ደህና ገባህ!» እንላለን። ዮኮሱካ ቤታችንም እንደዚሁ ነው። ሁላችንም ከሕፃንነታችን ለምደነዋል፤ ማን እንደገባ ሳናይ ነው አፋችን የሚመልሰው።

ጀልባ ላይ ግን ትርጉም አለው። «ገባሁ» ከተባለ ላይ ሰው የለም ማለት ነው። መጥራት እናቆማለን።

«ገባሁ።»

ድምፁ የአባ ነው። ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል እንጂ...

«እንኳን ደህና ገባህ!» አልኩ። ዞር እንኳ አላልኩም።

ከኋላዬ እርጥብ እግር አለፈ። ጧ... ጧ... የአባ አልጋ መጋረጃ ተሳበ።

መጥራቴን አቆምኩ።

ቆይታ እማ ነቃች።

«አባትሽስ?»

«ገብቶ ተኝቷል።»

«ታዲያ ጫማው የታለ?»

ደረጃው ሥር ጫማ የለም። አባ ደግሞ ቢሞት ጫማውን ሳያወልቅ አይገባም። ወለሉን አየሁት። የባዶ እግር ዱካ አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...

ሁሉም የግራ እግር ነው።

ከዚያ ከውጭ፣ ከጀልባዋ ጎን... ዷ... ዷ...

«እማ...»

«ዝም በይ!» አለችኝ በሹክሹክታ። «ላይ ውጪ። ቶሎ!»

ላይ ሰው የለም። ጀልባዋ ራሷን እየነዳች ነው። የአባ ገመድ ጠርዙ ላይ ተወጥሮ ወደ ውሃው ወርዷል።

አባ ጫፉ ላይ ነበር። ማዕበሉ ከጀልባዋ ጎን ጋር ያላጋዋል።

እማ ሸራውን ለቀቀችው። ጀልባዋ ስትቀዘቅዝ መሰላሉን ጣልን። ጎተትን፣ አለቀስን፣ ሰደብነው። ወጣ! ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ግን ይተነፍሳል።

«ስወድቅ ጮኼ ነበር» አለ እየሳለ። «ስትጠሪኝ ድምፄን ካጣሽው ትወጫለሽ ብዬ... ስጠብቅ...»

«አባዬ ይቅርታ...»

«ሚዙሆ።» እጄን ጭምቅ አደረገው። «'እንኳን ደህና ገባህ' ስትይ ሰምቼሻለሁ። ለማን ነው ያልሽው?»



ሦስታችንም ላይ ነን። መሬት የሁለት ሳምንት መንገድ ነው። ውሃውም፣ ምግቡም፣ ሬዲዮውም ታች ነው።

እማ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ወደ ታች መውረጃው እያየች ነበር።

በሩ ቀስ ብሎ ተሳበ... ተዘጋ።

መቀርቀሪያው ከውስጥ ቀጭ አለ።