ሕመሙ የተወው ዕለት

«ከተወኝማ ለምን እሄዳለሁ?»

ግሩም ይህን ሲጠይቃት ዲና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ወንድሟ ሦስት ሳምንት ሙሉ መንጋጋውን ይዞ ሲንቆራጠጥ፣ እናታቸው የተቦረቦረ ጥርሱ ላይ ቅርንፉድ ስትወትፍለት ከርመው፣ አንድ ጠዋት ሕመሙ ድርግም ብሎ ጠፋ። ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። የጤና ጣቢያው ቀጠሮም ተረሳ። በአሥረኛው ቀን አንገቱ አብጦ ምራቁን መዋጥ አቃተው። ሆስፒታል ገብቶ ሦስት ቀን እንኳ ሳይቆይ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ እነ ዲና ቤት ሻይ ያለ ቅርንፉድ ይፈላል። እንግዳ ምን ጎደለው እያለ ፉት ይላል፤ የሚነግረው የለም። ዲና ግን ሰው ቤት ያ ሽታ ሲሸታት ዛሬም ዓይኗ ወደ በሩ ይሄዳል፤ ግሩም መንጋጋውን ይዞ የሚገባ ይመስላታል።

ዛሬ ሽታው የመጣው ከጓደኛዋ ከሃምዳ አፍ ነው።

ጠዋት ሲስተር ቀመሪያ ትምህርት ቤት መጥታ የተማሪውን ሁሉ አፍ በባትሪ እያበራች አይታ ነበር። የዲና ጥርስ ደህና ነው ተባለ። ለሃምዳ ወረቀት ተሰጣት፤ ወረቀት የያዙ ከምሳ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ደጅ ተሰልፈው የጥርስ ሐኪሙን ይጠብቁ ተብሏል። የሃምዳ አክስት ሠርግ ደግሞ ደርሷል፤ ዛሬ ሴቶቹ እጃቸውን ሂና ይቀባሉ። የአክስቷ ልጅ ሆዳን ባጃጅ አስቁማ በር ላይ ትጠራታለች።

«ነይ እንጂ አቦ፣ ሂናው ሊያልቅ ነው።»

ሃምዳ ወረቀቱን ለዲና ሰጠቻት። «ለሲስተር መልሽልኝ። ወላሂ ከትናንት ጀምሮ ተወኝ። ከተወኝ ምን ልሠራ እሰለፋለሁ?»

ዲና ወረቀቱን ተቀበለች። ስለ ግሩም ከቤት ውጭ ተናግራ አታውቅም። ጎረቤቱ የሚያውቀው ድንገት ታሞ እንደሞተ ብቻ ነው፤ እናቷ የቅርንፉዱ ነገር እንዲወራ አትፈልግም።

«ግሩምንም ትቶት ነበር» አለች።

«ምኑ?»

ነገረቻት። ሲስተር ቀመሪያ ጠዋት ያስረዳችውንም ጨመረችላት፤ ሕመሙ የሚጠፋው የጥርሱ ነርቭ ሲሞት ሊሆን እንደሚችል፣ መግሉ ግን ወደ ውስጥ መሄዱን እንደማይተው፣ ቀዳዳው ገና ትንሽ ሳለ ቢታይ በአንድ ቀን ተሞልቶ የሚያልቅ እንደሆነ።

«ምን ታሟርቺብኛለሽ አንቺ?» አለች ሃምዳ። እግሯ ግን አልተነሳም። ምላሷ ያመማት የነበረውን ጥርስ ሲፈልገው በጉንጯ ላይ ይታያል። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «መናገርሽን እናትሽ ታውቃለች?» አለቻት።

«አታውቅም። ዛሬ እነግራታለሁ።»

ሃምዳ ወረቀቱን ከዲና እጅ መልሳ ወሰደች።

ባጃጁ ሆዳንን ይዞ ሄደ። ሐኪሙ ሲዘገይ ከሰልፉ አራት ልጆች በአጥሩ ሾልከው ወጡ። ሃምዳ ግን ሰልፉ ላይ ቀረች፤ ዲናም አጠገቧ።