ሁለቴ ሲያንኳኳ

«ስሚኝ» አለ አጎቷ ደገፋ፣ ክንዷን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ጥግ እየሳባት። «ዶክተሯ ምንም ብትጠይቅሽ፣ ‹ያውቃል፣ ተስማምቷል› ትያለሽ። አለቀ! ያቺን ቃል ግን እንዳትጠሪያት።»

ኑኃሚን በትከሻው ላይ አሻግራ አግዳሚ ወንበሩን አየች። አባቷ ሰላሁን ከታካሚዎቹ መሃል ተቀምጦ፣ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ፣ አጠገቡ ያለችውን ሕፃን ዓይኑን እያጉረጠረጠ ያስቃታል። የጉሮሮ ካንሰር እንደያዘው ሚስቱ ታውቃለች፣ ልጁ ታውቃለች፣ የጌጃ ሰፈር ጎረቤት ሳይቀር ያውቃል። እሱ ብቻ «ትንሽ ዕጢ ናት፣ ተቆርጣ ትወጣለች» ተብሎ በሰላም ተቀምጧል።

«ግን አጎቴ፣ ባለፈው ዶክተሯ ለራሱ ንገሩት ብላን ነበር እኮ። አንተም ‹እንነግረዋለን› ብለሃት ነው የወጣነው።»

«ብያለሁ። ምን ልበላት ታዲያ?» ደገፋ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የእኔና የእናትሽን አባት አታውቂውም። የበሽታውን ስም የነገሩት ዕለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ ወዲያ እህል የሚባል ነገር አልቀመሰም። እሱን የገደለው ሕመሙ አይደለም፣ ስሙ ነው። ይሄንን ሰውዬ ደግሞ እንደዚያ ሆኖ እንዳየው ትፈልጊያለሽ?»

ዓይኑ ቀላ። ኑኃሚን ከጠዋት ጀምሮ ስትናደድበት ቆይታ ነበር፤ አሁን ግን አሳዘናት። ማዘኗ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

«እሺ፣ ዛሬ ፈቃዱን የሚጠይቁት ያ የዕጢው ጥናት ይቅርበታ!»

«እንዴት ይቀራል? ጥናት ውስጥ ከገባ ዓይናቸው ከእሱ ላይ አይነቀልም። እምቢ ካለ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?»

እናቷ እዚህ ብትሆን ኖሮ አንድ ነገር ትል ይሆናል። እሷ ግን «እኔ ፊቱን እያየሁ መዋሸት አልችልም» ብላ ልደታ ማርያም ቀርታለች። ሁሉም የማይችለውን ነገር አራግፎ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ላይ ጭኖታል። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ፤ ጓደኛዋ ማሂ ናት። «ጀለሴ፣ የባዮ ፈተና ለሰኞ ተዛውሯል! ፈታ በይ።» ኑኃሚን ስልኩን መልሳ ከተተችው። ፈታ ማለት ይኸው ነው እንግዲህ።

ሰላሁን ልደታ ላይ የታክሲ ተራ አስከባሪ ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት ረዳት ነበር፤ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሁለት ሰው!» ሲል ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ፍርድ ቤቱ ይሰማል እያሉ ይቀልዱበታል። ድምፁ መጎርነን ሲጀምር «የጩኸት ነው» ብሎ ማር በሎሚ ሲጠጣ ወራት አለፉ። ከዚያ ከጉሮሮው ናሙና ተወሰደና ለጊዜው እንዳይናገር ተከለከለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአባቷ አፍ ኑኃሚን ሆነች። እሱ በእጁና በፊቱ ያወራል፣ እሷ በድምፅ ታወጣዋለች። እጁ ሲያንሰው የድሮ ሙያውን ያመጣል፦ የታክሲውን ጎን እየመታ ለሾፌሩ መልእክት እንደሚያስተላልፈው ሁሉ፣ አንዴ ካንኳኳ «ቁም»፣ ሁለቴ ካንኳኳ «ሳበው፣ ቀጥል!» ማለቱ ነው።

ትናንት አንድ የሥራ ጓደኛው ሊጠይቀው መጥቶ ነበር። ሰውየው የሰላሁንን የሥራ ተራ ለገዛ ወንድሙ አሳልፎ ሰጥቷል። ሰላሁን በእጁ አንድ መራራ ነገር ተናገረ። ኑኃሚን «ግድ የለም ይልሃል» ብላ አለሳለሰችው። ወዲያው ሰላሁን በሩን አንዴ አንኳኳ፦ ቁም። አባቷ አስተካክላ እስክትደግመው ድረስ ዓይኑን አልነቀለባትም። «እሺ... ‹አዝኜብሃለሁ› ነው ያለው» አለች አፍራ። ያኔ ፈገግ ብሎ ራሷን ዳበሳት። የሰጣት አፉን እንጂ ሐሳቡን አልነበረም።

«ሰላሁን!» ብላ ነርሷ ተጣራች።

ዶክተር ሶፊያ ከጠረጴዛዋ ተነሥታ ለሰላሁን ወንበር ሳበችለት። ኑኃሚን ከአባቷ ጎን ተቀመጠች፣ ደገፋ ከኋላዋ ቆመ። ትንፋሹ ማጅራቷ ላይ ይሰማታል።

«ጋሽ ሰላሁን» አለች ዶክተሯ፣ «ዕጢው ሲወጣ ጥቂት ቁራጭ ለጥናት እንድንወስድ ፈቃድዎን ልጠይቅዎት ነው። ሰውነታችን የራሱ ዘበኞች አሉት፤ በሽታ የሚከላከሉ ሴሎች ማለቴ ነው። ዕጢው ውስጥም ገብተው ሊሆን ይችላል። መግባታቸው ብቻ ግን አይበቃም። ነቅተው እየሠሩ ነው ወይስ ፈዘው ቆመዋል? እሱን የሚነግሩን ጂኖቻቸው ናቸው። በአንድ ሴል ውስጥ ካሉት ጂኖች አንዳንዶቹ ይሠራሉ፣ ሌሎቹ ጸጥ ብለው ይቀመጣሉ። እኛ የትኞቹ እየሠሩ እንደሆነ እናያለን።»

ሰላሁን በጥሞና ሰማ። ከዚያ ጣቱን ወደ ጉሮሮው፣ መልሶ ወደ ራሱ ደረት ቀሰረ፤ በሁለት እጁም ሰው ያሰለፈ መሰለ።

«‹ታዲያ እንደኔ ተራ አስከባሪዎች ናቸዋ!› ይላል» አለች ኑኃሚን።

ዶክተሯ ከልቧ ሳቀች። «ትክክል! ሥራቸው ላይ ናቸው ወይስ ሰልፉን ትተው ቆመው ነው፣ ጥናቱ እሱ ነው።» ከዚያ ፊቷ ረጋ አለ። «አንድ ነገር ግን ልንገርዎት። ይህ ጥናት ለእርስዎ አዲስ መድኃኒት አያመጣም። ምናልባት ከእርስዎ በኋላ ለሚመጡት ይጠቅም ይሆናል። እምቢ ቢሉም ከሕክምናዎ ምንም አይጎድልም።»

ኑኃሚን ዞር ብላ አጎቷን አየችው። ደገፋ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«አሁን ደግሞ እርስዎ ይንገሩኝ» አለች ዶክተሯ። «ሕመምዎ ምን እንደሆነ፣ በራስዎ አገላለጽ።»

«ነግረነዋል ዶክተር!» አለ ደገፋ ፈጠን ብሎ። «ሁሉንም ያውቃል።»

«ከራሳቸው መስማት እፈልጋለሁ።»

ሰላሁን ግራ ሳይገባው እጁን አነሣ። በሁለት ጣቱ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ነገር አሳየ። በመቀስ እንደሚቆርጥ አደረገ፣ ወደ ጎን ወረወራት። ቀጥሎ ክንዱን ዘርግቶ ታክሲ ጠራ፣ ሰው አሳፈረ። ፊቱ በርቶ ወደ ልጁ ዞረ።

የደገፋ እጅ ትከሻዋን ጨመቀ። ‹ያውቃል፣ ተስማምቷል።› ሁለት ቃል ብቻ ናት፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ተዘጋጅታለች። ብትላት ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ባትላትስ? አንድ የማታውቀው ሽማግሌ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር ታያት፤ ከዚያ ሽማግሌው አባቷን ሆነ። ፈራች፣ በጣም ፈራች። አባቷ ግን አሁንም ያያታል፤ ያለውን ሳትጨምር ሳትቀንስ እንደምታወጣለት ተማምኖ።

«አባዬ የሚለው» አለች፤ ድምፁ የእሷ አልመስላት አለ፣ «‹ትንሽ ዕጢ ናት፣ ተቆርጣ ትወጣለች፣ በሳምንቱ ሥራዬ ላይ ነኝ› ነው።»

ዶክተር ሶፊያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ቀና ብላ ደገፋን ተመለከተችው።

«ልጅ ናት እኮ፣ ሳይገባት ነው...» ብሎ ጀመረ ደገፋ።

ኳ!

ሰላሁን ጠረጴዛውን አንዴ መታው። ደገፋ አፉን ዘጋ። ሰላሁን የወንድም ያህል የሚያየውን ሰው ለረጅም ጊዜ ተመለከተው፤ ደገፋ ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ መዳፉን ገለበጠ፦ ምንድን ነው?

«ከፈለጋችሁ እኔ ልንገራቸው» አለች ዶክተሯ በቀስታ።

ኑኃሚን በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ወንበሯን አዙራ ጉልበቷ ጉልበቱን እስኪነካ ተጠጋችው።

«አባዬ፣ እኛ ያልነገርንህ ነገር አለ። ፈርተን ነው። እንድነግርህ ትፈልጋለህ?»

ከኮሪደሩ የሕፃኗ ሳቅ ይሰማል። ሰላሁን እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ጣቱ ተነሣ።

ኳ።

ቁም ማለቱ ነው። ከንፈሯን ነክሳ አንገቷን ደፋች።

ኳ።

ቀና ስትል አባቷ ፊቱን የትም አላዞረም፤ እሷኑ እያየ ነው። ኑኃሚን እጁን በሁለት እጇ ያዘችና ያቺን ቃል ጠራቻት።