ሬሳ ሁኚልኝ

ቨርነን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነጋግራት ያላት፣ «ሬሳ ሁኚልኝ» ነበር።

ሮዊና ጆሮዋን ተጠራጠረች። አባቷ አቶ ሆሊስ በዚያች ትንሽ የኦሃዮ ከተማ ሬሳ ገንዞ አስቀባሪ ስለሆኑ፣ ወንዶች ደጃፏን ፈጠን ብለው ነው የሚያልፉት። ይኼኛው ግን ጎማ ከሚጠግንበት ጋራዥ እጁን እንኳ ሳይታጠብ መጥቶ ፊቷ ተገትሯል።

«አስፈሪ ፊልም እየሠራሁ ነው» አለ በጥድፊያ። «ከሣጥን የምትነሳ ሙሽራ ቸግሮኝ… ቤተ ክርስቲያን ሳይሽ፣ ይኼ ፊት ነው አልኩ።»

«የሬሳ ፊት?»

«ኧረ እሱን ማለቴ አይደለም!» እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ሳቋ አመለጣትና እሺ አለችው።

አባቷ ግን ነገሩ አልጣማቸውም። «ልጄ፣ የዚህ ልጅ ዓይን ያረፈው አንቺ ላይ እንዳይመስልሽ። ሣጥኖቼ ላይ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ልቧ አላርፍ አላት። ቀረጻው ራሱ መሳቂያ ነበር። ከበቆሎ ሽሮፕ የተሠራው ደም ተርብ ይጠራል። ጭራቅ የሆነው የአጎቱ ልጅ ዴል፣ ዘወር ባለ ቁጥር የላስቲክ ልብሱ ዚፕ ይታያል። እሷ ግን የምትከታተለው ቨርነንን ነበር። አንድ ቀን ከተጋደመችበት የአባቷ ሣጥን ውስጥ፣ «እንዴት ያምራል!» ሲል ሰማችው። ያምራል እንጂ ታምራለች አላለም።

በማግስቱ፣ «አባባ ሣጥኑን ከልክሏል» ብላ ዋሸችው።

ቨርነን «እሺ» አለና ሄደ። ለቀናትም ድምፁ ጠፋ።

«አላልኩሽም?» አሉ አባቷ።

አንድ ከሰዓት ግን ጥቁር ቀለም የተቀባ የፍሪጅ ካርቶን ተሸክሞ መጣ። «ቀለሙ አልደርቅ ብሎኝ ነው።» ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ፣ «ሣጥኑ እስኪፈቀድለት ቢሆንስ?» አለች በልቧ።

ፊልሙ እሑድ ከሰዓት በእሳት አደጋ ተከላካዮች አዳራሽ ታየ። ሙሽራዋ ስትነሳ የካርቶኑ ግርጌ ተዘርግፎ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጭራቁ ወንዱን ሙሽራ በሚያንቅበት ቦታ ደግሞ ጩኸቱ ይሰማል እንጂ ጭራቁ የለም። የሚታየው የሮዊና ፊት ብቻ ነው፤ ፀጉሯን ነፋስ ሲያንቀሳቅሰው፣ ተርብ ስታባርር፣ ለብቻዋ ስትስቅ።

«ጭራቁ የት ሄደ?» ጮኸ ሕዝቡ።

«ኧረ እኔስ? ቀኑን ሙሉ በላስቲክ ተቀቅዬ!» አለ ዴል።

ሮዊና አልሳቀችም። ቨርነንን ደጅ ጠራችው።

«ለምን ዴልን አላነሳኸውም?»

«ያነሳሁት መስሎኝ ነበር። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ እኔን ቆርጠህ አታወጣኝም?»

«ምንሽን ልቁረጥ?»

«አባባ እኮ ሣጥኑን አልከለከለም» አለች ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ። ጋራዥ መጥተው፣ ‹ሣጥን ሞልቶልህ ካርቶን የምትቀባው ምን ሆነህ ነው? ና ውሰድ› ብለውኛል።»

«ለምን አልወሰድክም ታዲያ?»

«አንቺ አልፈለግሽማ።»

ውስጥ ሕዝቡ አሁንም ስለ ጭራቁ ይከራከራል። ሮዊና የጋራዥ ቅባት የማይለቀውን እጁን ያዘች፤ እስኪበተኑም አልለቀቀችውም።

በመከር ተጋቡ። ዴል ሚዜ ሆነ፤ ዳግመኛ ከፊልሙ እንዳይጠፋ ግን ካሜራውን ለቨርነን የሰጠው ሰው አልነበረም።