በሟች ወገብ ላይ የተገኘው መለኪያ

የቴክኒሻኑ የከረአማ ፖሃቱ አስከሬን የተገኘው ሳተላይቱ በተጫነበት የሮኬት አናት ውስጥ ነው፤ ተንበርክኮ፣ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ።

መርማሪ ሂኔ ፓራታ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስትደርስ የማስወንጨፊያው ኃላፊ ስቱዋርት ሃላም ሰዓቱን ያይ ነበር።

«ልቡ ነው» አላት። «የኦክስጅን መለኪያው ወገቡ ላይ ነው፤ አልጮኸም። የነገው የማስወንጨፊያ ሰዓት ካመለጠን አሥራ ሁለት ቀን ልንቆም ነው፣ ቶሎ ብትጨርሺ።»

 ሂኔ መለኪያውን ከሟቹ ወገብ ፈትታ ቁልፉን ተጫነች፣ ቁጥሮቹን ጻፈች።

የደኅንነት ሠራተኛዋ ናይሬ ዓይኗ ቀልቷል። «እትዬ ሂኔ፣ ከረአማ ብሎን ላልቷል ብሎ ሥራውን አስቁሞ ነበር። ሊያጠብቀው ማልዶ ገባ። እኔ ወደብ ላይ ነበርኩ፤ ለማስወንጨፉ ሲባል ነገ የሚዘጋውን ባሕር ለዓሣ አጥማጆቹ ስነግር።»

«እዚያ ውስጥ የሚለቀቀው ናይትሮጅንስ?» አለች ሂኔ።

«ሳተላይቱን እርጥበት እንዳይነካው በቱቦ እንለቅበታለን። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ኦክስጅኑን ግን ገፍቶ ያስወጣል። ሰው ውስጥ ካለ አይከፈትም።»

የሳተላይቱ ባለቤት ሊስቤት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ከሆቴሏ አልወጣችም፤ አስተናጋጇ መሰከረች።

እኩለ ቀን ላይ ሂኔ ሦስቱንም በሠራተኞች መመገቢያ ሰበሰበቻቸው።

«ሐኪሙ ከረአማ የሞተው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው ብሏል» አለች። «ይህ መለኪያ ግን የበራው አንድ ሰዓት ላይ ነው። የሞተ ሰው መለኪያ አያበራም። ስለዚህ ሌላ ሰው አስሮለታል። የራሱስ የት ሄደ? ፖሊሶቹ ከስቱዋርት መሳቢያ አወጡት። የለካውን ዝቅተኛ የኦክስጅን መጠን መዝግቦ ይይዛል፤ አምስት በመቶ ይላል። ጮኾ ነበር ማለት ነው። ናይሬ ወደብ፣ ሊስቤት ሆቴል። በዚያ ሰዓት ሮኬቱ ያለበት አዳራሽ ውስጥ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ።»

ስቱዋርት ጠረጴዛውን አየ። «ማንም የለም ብዬ ነው ናይትሮጅኑን የከፈትኩት። ስደርስለት አልቆ ነበር።»

«ውስጥ መኖሩን የሚያሳየው የስሙ ካርድ በሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር» አለች ናይሬ። «ቀና ብለህ ብታይ ምን ነበረበት?»

«ብሎኑን እስኪያጠብቅ ቀኑ ያልፍብን ነበር...» አለ ስቱዋርት።

«ሳተላይቴን አውርዱልኝ» አለች ሊስቤት። «ከእናንተ ጋር አይበርም።»

ሂኔ ስልኩን ወደ ስቱዋርት ገፋችው። 

«ለእናቱ ደውለህ ልቡ ነው ያልካት አንተ ነህ። አሁን እውነቱን ንገራት።»

«እኔ... አልችልም።»

ሂኔ ራሷ ደወለች። አንዲት አሮጊት «አቤት» ስትል ተሰማ። ሂኔ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዘችለት፤ ተናግሮ እስኪጨርስም እጇን አላነሳችም።